የሚጥል በሽታ ሕክምናን ወደ ገጠር ማድረስ፦ ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ጀምሩ

አንድ ሰው ግማሽ ቀን ተጉዞ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ለዓመታት ሲጥለው የኖረ ሰው ነው። ባለሙያዋ በደንብ ታዳምጠዋለች፣ የአንድ ወር መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አይጥለውም፤ ቤተሰቡ ማመን ያቅተዋል። በወሩ ተመልሶ ሲመጣ ግን «መድኃኒቱ አልቋል፣ በሚቀጥለው ወር ሞክር» ይባላል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት፣ በአንድ ቀን ሦስቴ አራቴ ይጥለዋል፤ ከበፊቱም ይብሳል። ሰፈሩ ታዲያ «መድኃኒቱ ሲቋረጥበት ባሰበት» አይልም። «መድኃኒቱ አባሰበት» ነው የሚለው። እሱም አይመለስም፣ እሱን ያዩ ሌሎች አሥር ሰዎችም አይመጡም።

ገጠር ውስጥ የዚህ በሽታ ሕክምና የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ስፔሻሊስት ስለሌለ ብቻ አይደለም፣ ማሽን ስለጠፋም አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ላይ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ ይሄ መመሪያ ትንሽ የተገለበጠ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ከግንዛቤ ማስጨበጫ ሳይሆን ከመድኃኒት ቁም ሳጥን ነው የሚነሳው። የጻፍኩት ገጠር ላይ ለሚሠራ ነርስ፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ ወይም ይሄን ሥራ ለመደገፍ ለሚያስብ ትንሽ ድርጅት ነው። ታማሚ ከሆናችሁ ወይም የምታስታምሙ ከሆነም 5ኛውንና 7ኛውን አንብቡ፤ መድኃኒት ግን ያለ ባለሙያ አትጀምሩ፣ አታቁሙም።

ለማስታወስ ያህል፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ይሄ በሽታ አለባቸው። 80 በመቶ የሚጠጉት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በትክክል ቢመረመሩና ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ የሚያስፈልጋቸውን ሕክምና አያገኙም። የሚያናድደው ደግሞ ዋናው መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ ርካሽና ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መሆኑ ነው።

1. ስንት ሰው እንደሚመጣ ገምቱ

ረጅም ጥናት አያስፈልግም፣ የወረቀትና የእርሳስ ሥራ ነው። በአንድ ጊዜ አሁንም የሚጥላቸው ወይም ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከ1,000 ሰው ውስጥ ከ4 እስከ 10 እንደሚሆኑ ይገመታል። ጤና ጣቢያችሁ 20,000 ሰው የሚያገለግል ከሆነ ከ80 እስከ 200 ታማሚ አለ ማለት ነው። አሁን መዝገባችሁን ክፈቱ። ስድስት ሰው ብቻ ካያችሁ፣ ቢያንስ 74ቱ ቤታቸው ናቸው።

ሁሉም በመጀመሪያው ዓመት አይመጡም። ግማሹ ይመጣል ብላችሁ ተዘጋጁ።

2. መድኃኒቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ካላያችሁ ምንም አትጀምሩ

ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ስልጠናው ደስ ይላል፣ ስብሰባውም ያምራል፤ የክኒን ቆጠራ ግን አሰልቺ ስለሆነ ለነገ ይባላል። ነገሩ ያለው ግን እዚያ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 60 ታማሚ አላችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ በቀን በአማካይ ሁለት ክኒን ቢወስድ በወር 3,600 ክኒን ይሆናል። ለሦስት ወር 10,800። ይሄ የሦስት ወር መጠን የማይነካ መጠባበቂያ ይሁን። ክምችታችሁ ወደዚህ ቁጥር ሲወርድ ነው አዲስ ማዘዝ ያለባችሁ፣ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን አይደለም። መንገዱ በዝናብ ወራት የሚቆረጥ ከሆነ አራት ወይም አምስት ወር አድርጉት፤ የሚያበቃበትን ቀን ግን እያያችሁ።

ከዚያ ደግሞ የወረቀት ጣጣ አለ። ፌኖባርቢታል በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ ከውጭ ሲገባም፣ ሲከፋፈልም፣ ሲቀመጥም ተጨማሪ ፈቃድና ፊርማ ይጠየቃል። ማን እንደሚፈርም፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ባለቁልፉ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚተካው ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመጨረሻውን ቀልድ አታድርጉት፤ መድኃኒቱ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሌላ ከተማ የሄደ ሰው ታማሚውን ባዶ እጁን ይመልሰዋል።

ቢያንስ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይኑራችሁ። አንዱ ለማይስማማው ሰው ሌላኛው ያስፈልጋል። ለድንገተኛ የሚሆን ዲያዜፓምም አይርሳችሁ።

3. በአካባቢው ያለውን ሰው አሠልጥኑ

ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ስፔሻሊስት) እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎች የአእምሮና የነርቭ ሕመሞችን እንዲያክሙ የሚያስችል መመሪያ አውጥቷል፣ የሚጥል በሽታም አለበት። በጋና፣ በሞዛምቢክ፣ በማያንማርና በቬትናም በዚሁ መንገድ ተሠርቷል። የቻይና ገጠር ደግሞ ጥሩ ማሳያ ነው፦ ከ2000 እስከ 2004 ድረስ የገጠር ሐኪሞች ሠልጥነው 2,455 ሰዎችን በፌኖባርቢታል አክመዋል። ዓመቱን ከጨረሱት ውስጥ 68 በመቶ የሚሆኑት የሚጥላቸው ጊዜ ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል፣ ሲሶ የሚሆኑት ደግሞ ጨርሶ አልጣላቸውም። በመደበኛ ጤና ተቋም፣ በመደበኛ ሠራተኛ።

አንድ ነገር ግን ልምከር። አንድ ሰው ብቻ አታሠልጥኑ። እሱ ሲዛወር አገልግሎቱም አብሮ ይዛወራል። ሁለት ባለሙያና መድኃኒት የሚያድለውን ሰው አንድ ላይ አሠልጥኑ፣ ካርድ ክፍል ያለችውንም ጨምሩ። ታማሚው መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው፤ እሷ ፊቷን ካጠቆረች የቀረው ሁሉ አይረዳም።

4. በሽታውን ለመለየት ጆሮ ይበቃል

«ኢኢጂ ሳይኖረን እንዴት?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራው ሲኖር ጥሩ ነው። ግን ውጤቱ ደህና ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላል። ምርመራው በዋናነት የሚቆመው ያየው ሰው በሚናገረው ላይ ነው።

ታማሚውን ብቻ አትጠይቁ፤ ራሱን ስቶ ስለነበር አያውቀውም። ሲወድቅ ያየውን ሰው አስጠሩ። ከዚያ «ንገሩኝ» ከማለት «አሳዩኝ» በሉ። አንዲት እናት «ያንቀጠቅጠዋል» ብቻ ልትል ትችላለች። «እስቲ እጁ እንዴት ነበር?» ስትሏት ግን ተነስታ ቀኝ እጇን ታጥፋለች፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ ከዚያ መላ ሰውነቷን ታንቀጠቅጣለች። ይሄኔ በቃላት ያልተነገራችሁን አያችሁ፤ ሕመሙ በአንድ ጎን ጀምሮ ነው ወደ መላ ሰውነት የሚሄደው። ስልክ ያለው ሰው ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቪዲዮ ይቅረጽ፣ ፊቱና እጆቹ እንዲታዩ አድርጎ። ሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ከአሥር ገጽ ማስታወሻ ይሻላል።

የምትጠይቁት ይሄ ነው፦ ከመውደቁ በፊት ምን ተሰማው? ምን ያህል ቆየ? ምላሱን ከጎን በኩል ነከሰ? ሽንት አመለጠው? ከነቃ በኋላ ግራ ተጋብቶ ነበር ወይስ ወዲያው አወቃችሁ? ተራ ራስን መሳት ብዙውን ጊዜ ሲቆሙ ይመጣል፣ ፊት ይገረጣል፣ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ የት እንዳለ ያውቃል። የሚጥል በሽታ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያም ድካም፣ እንቅልፍና መደናገር ይከተላል።

ልብ በሉ፣ ሁሉም አይወድቅም። ንግግሩን አቋርጦ ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ የሚልና መልሶ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ልጅ አለ፤ አስተማሪው «አያዳምጥም» እያለ የሚቆጣው።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ግልጽ የሆነ ቀስቃሽ ምክንያት ሳይኖር፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ከተነሳበት የሚጥል በሽታ ነው። ትኩሳት፣ የጭንቅላት ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የስኳር መውረድ፣ አልኮል በድንገት ማቆም የሚያመጡት መንቀጥቀጥ የራሱ ሕክምና አለው። እነሱን ሳታዩ ፌኖባርቢታል ጽፎ መሸኘት ሰው ይገድላል።

5. መድኃኒት መጀመር

መጠኑን ከአገራችሁ የሕክምና መመሪያ ውሰዱ፣ ከዚህ አይደለም። እዚህ የምጽፈው መመሪያው ላይ በአንድ መስመር የሚታለፉትን ነው።

በአንድ መድኃኒት ጀምሩ። ከትንሽ መጠን ተነሱ፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ማታ መውሰድ ይቻላል፤ ለገጠር ኑሮ የተመቸ ነው። ይሄው ዝግታ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ደም ውስጥ ያለው መጠን እስኪረጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ሳምንት ቢጥለው ቤተሰቡ «አልሠራም» ብሎ መድኃኒቱን እንዳያስቆመው ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። በመጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እንደሚበዛም ንገሯቸው፤ እየቆየ ይቀልላል። ልጆች ላይ ደግሞ በተቃራኒው መቅበጥበጥና መነጫነጭ ሊያመጣ ይችላል፣ ከትምህርቱም ያዘናጋቸዋል፤ ከባሰ መድኃኒቱን መቀየር ነው።

ካርባማዜፒን የሚባለው መድኃኒት በአንድ ጎን ለሚጀምረው ዓይነት ጥሩ ነው። ፍዝዝ ለሚያደርገው ግን ሊያባብስ ይችላል። እሱንም ሆነ ፌኒቶይንን ወይም ፌኖባርቢታልን የጀመረ ሰው ቆዳው ላይ ሽፍታ ካወጣ፣ በተለይ አፉና ዓይኑ ከቆሰለ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይምጣ። ይሄ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም ሕይወት የሚያሳጣ ነው።

ሴቶችን በተመለከተ ቆም በሉ። ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ጽንሱን ይጎዳል፤ የአካል ጉድለትም፣ የአእምሮ እድገት ችግርም ያመጣል። ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት ወይም ለልጃገረድ አትጀምሩ። ሌሎቹም ቢሆኑ፣ ማለትም ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ይህን ሳይነግሯት የላኳት ሴት በስድስተኛው ወር አርግዛ ስትመጣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ፎሊክ አሲድ ስጧት። ካረገዘች ደግሞ ደንግጣ መድኃኒቱን እንዳታቆም አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ሲጥላት እሷም ጽንሱም ይጎዳሉ።

የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ሳትጽፉ በፊት ጠይቁ። እነዚህ መድኃኒቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ።

6. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በዚህ ጊዜ ነው ሰው የሚጠፋው። በሁለት ሳምንት ቅጠሩት፣ ከዚያ በወር። ሳይጥለው ሲቆይ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ስጡት። በየወሩ ግማሽ ቀን የሚያስጉዝ ቀጠሮ ሕክምና ሳይሆን ቅጣት ነው። ከተቻለ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡትን በአንድ ቀን ቅጠሯቸው፤ አብረው ይመጣሉ፣ አንዱ ሲቀር ሌላው ለምን እንደቀረ ይነግራችኋል።

«መድኃኒትህን በደንብ ትወስዳለህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማን «አልወስድም» ይላል? «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?» በሉት። የተረፈውን ክኒን ይዞ እንዲመጣ አድርጉና አብራችሁ ቁጠሩት። 60 ክኒን ተቀብሎ 30 ቀን ቆይቶ 22 ከቀረው፣ መጠን ከመጨመራችሁ በፊት የቀረውን ለምን እንደቀረ ተነጋገሩ። የጣለውን ቀን ደግሞ ካርዱ ላይ በጭረት ምልክት ያድርግ፤ ማንበብ የማይችልም ሰው ጭረት መሳል ይችላል።

አንድ ቃል በየቀጠሮው ድገሙ፦ በድንገት ማቆም የለም። ቢሻለውም፣ ጉዞ ቢሄድም። በአጠቃላይ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ከቆየ ስለ ማቆም ከባለሙያው ጋር መነጋገር ይቻላል፤ ያኔም በወራት ውስጥ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀነሰው።

7. ሲነሳበት ምን ይደረግ

ይሄን ለቤተሰብም፣ ለአስተማሪም፣ ለሾፌርም አስተምሩ። ሰዓት እዩ። አጠገቡ ያለውን ስለትና እሳት አርቁ። ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት። እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ።

አትያዙት። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት፣ ምንም አታስገቡ፤ ምላስ አይዋጥም፣ የሚሰበረው ጥርስ ነው። ምንም አታሽትቱት። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውኃ አታጠጡት። በሽታው በአረፋው አይተላለፍም። ይሄን መጨረሻ ላይ ያልኩት ትንሽ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ «ይተላለፋል» ብሎ የሚሸሽ ሰው በበዛበት ቦታ እሳት ላይ የወደቀን ሰው የሚያወጣ አይገኝም። ገጠር ውስጥ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ታማሚ የሚበዛውም አንዱ በዚህ ነው።

ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከተነሳበት ድንገተኛ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ የደም ስኳሩን እዩ፤ የደም ሥር ማግኘት ካልተቻለ ዲያዜፓም በፊንጢጣ ይሰጣል፣ አተነፋፈሱን እየተከታተላችሁ። ነፍሰ ጡር ሆና አምስተኛ ወሯን ካለፈችና ደም ግፊቷ ከፍ ካለ ግን ሌላ ነገር አስቡ፤ ያ ምናልባት ከእርግዝና ጋር የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው፣ መድኃኒቱም ማግኒዥየም ሰልፌት ነው።

8. አሁን ወደ ማኅበረሰቡ ውጡ

መድኃኒቱ አለ፣ ሰው ሠልጥኗል። አሁን ጥሩ። ቤት ለቤት ስትሄዱ ግን «የሚጥል በሽታ ያለበት አለ?» ካላችሁ መልሱ «የለም» ነው። የልጃቸውን የትዳር ተስፋ በአንድ ቃል የሚዘጋ ጥያቄ ጠይቃችሁ እንዴት «አለ» ይሏችኋል? «በድንገት ራሱን ስቶ የሚወድቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ፍዝዝ የሚል ሰው ታውቃላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አስተማሪዎችን፣ አዋላጆችን፣ የሰፈር ሽማግሌዎችን ጠይቁ።

ከሃይማኖት አባቶችና ከባህል ሐኪሞች ጋር አትጣሉ። ታማሚው ከእናንተ በፊት ወደ እነሱ ሄዷል፣ ከእናንተ በኋላም ይሄዳል። የምትጠይቋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ክኒኑን እንዳያስቆሙ፣ አዲስ ሰው ሲመጣላቸው ወደ እናንተም እንዲልኩ።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስታወቂያ ግን ስድስት ወር ያልጣለው ሰው ነው። ፈቃደኛ ከሆነ እሱ ይናገር፤ እናንተ ዝም በሉ።

9. ማንን ትልካላችሁ?

ሪፈር የሚባለው ነገር፣ ማለትም ወደ ሆስፒታል መላክ፣ ጥቂቶችን ብቻ ነው የሚመለከተው። ሁለት መድኃኒት በትክክለኛ መጠን ወስዶ ያልተሻለው፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ የደከመ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድ፣ በጣም ትንሽ ሕፃን። ለሌላው ሁሉ ሆስፒታል ካለ ሐኪም ጋር በሳምንት አንድ ቀን የሚደወልበት ሰዓት ያዙ። ቪዲዮውንም በዚያው ላኩለት፣ ታማሚውን አስፈቅዳችሁ።

10. መዝገቡ

ውስብስብ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ ደብተር በቂ ነው፦ ስም፣ መንደር፣ የሚደርስለት ሰው ስልክ፣ መድኃኒትና መጠን፣ ባለፈው ወር ስንቴ ጣለው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ። በ2022 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ዕቅድ አገሮች እስከ 2031 ድረስ ከሚታከሙት 70 በመቶዎቹ በሽታቸውን በደንብ የተቆጣጠሩ እንዲሆኑ ይፈልጋል። እናንተም ይሄን ከደብተሩ በሃያ ደቂቃ ማስላት ትችላላችሁ።

አንድ ተጨማሪ ዓምድ አስምሩበት፦ «ለምን ቀረ?»። በቀጠሮው ማግስት ያልመጡትን አንድ በአንድ ደውሉላቸው፣ ስልክ ካልተነሳ በመንደሩ ባለ በጎ ፈቃደኛ በኩል አስጠይቁ። መልሱን እነሱ ባሉት ቃል ጻፉት። መንገዱ ራቀኝ፣ እንቅልፍ አበዛብኝ፣ ተሽሎኛል፣ ባሌ ከለከለኝ፣ መጥቼ መድኃኒት የለም አላችሁኝ። በሦስት ወሩ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። የመጨረሻው መልስ ሁለቴም ቢሆን ከተገኘ፣ አዲስ ሰው መመዝገብ አቁሙና ወደ 2ኛው እርምጃ ተመለሱ።